ሽንት የሚነግረን፤ ያለ መርፌና ያለ ቢላዋ በሽታን ስለ መመርመር

ሽንትን ተመልክቶ በሽታን ለማወቅ መጣር ከጥንት የነበረ ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች የበሽተኛውን ሽንት በክብ ብልቃጥ ቀድተው፥ ወደ ብርሃን አንሥተው፥ ቀለሙንና ዝቃጩን እያዩ የበሽታውን ዓይነት ይናገሩ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመትም እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ሽንት የሚጣፍጥ መሆኑን ጽፎ አስታወቀ፤ ይህን ያረጋገጠበት መሣሪያ ምን እንደ ነበረ አንባቢው ራሱ ይገምተው። ዛሬ በሽንት ውስጥ ስኳር፥ ፕሮቲን፥ ደምና መግል መኖሩን፥ ሴትም መፅነስዋን ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ማተት አያስፈልገንም።

አሁን ልናስረዳ የፈለግነው ዲ.ኤን.ኤ. የተባለውን የዘረመል ጽሑፍ በሽንት ውስጥ በመፈለግ የሚደረገውን ምርመራ ነው። ደም ሳይቀዳ፥ ሥጋ ሳይቆረጥ፥ ሽንት ብቻ ሰጥቶ የሳንባ ነቀርሳንም ካንሰርንም የአባለ ዘር በሽታንም ማወቅ ይቻላል የሚል ወሬ ስለሚሰማ፥ «ነገሩ እውነት ነውን?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። መልሱ ስለ አንዳንዱ በሽታ «አዎን»፥ ስለ ሌላው «ገና ነው» የሚል ይሆናል። ልዩነቱም የሚመጣው ያ የዘረመል ቁራጭ ወደ ሽንት ከገባበት መንገድ ነው። መንገዱን የተረዳ ሰው ምርመራው ምን ያህል እንደሚታመንና ሽንቱ እንዴት መወሰድ እንዳለበት ያለ ችግር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ዲ.ኤን.ኤ. ሕያው ፍጥረት ሁሉ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚመስል ተጽፎ የሚገኝበት፥ በሕዋስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖር ረጅም ክር ነው። ዋትሰንና ክሪክ የተባሉት ሊቃውንት ቅርጹ እንደ ተጠመዘዘ መሰላል መሆኑን በ1953 ገለጡ፤ ለዚህም ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለችው ሊቅ ያዘጋጀችው የኤክስ ሬይ ሥዕል ታላቅ ረዳት ሆኖአቸዋል። የእኛ ፊደል ከ200 የሚበልጡ ሆሄያት ሲኖሩት፥ የዚህ ክር ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው። በአራቱ ፊደላት አሰላለፍ የሰው ጽሑፍ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደላት ያህል ሲረዝም፥ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጽሑፍ ግን 4 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይሆናል። የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው ስለሚለይ፥ ከመጽሐፍ የተቀደደች አንዲት ቅጠል ባገኘን ጊዜ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ወጣች በንባቧ እንደምናውቅ ሁሉ፥ አንዲት የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭም ከማን እንደ መጣች ሊታወቅ ይቻላል።

ይሁን እንጂ በሽንት ውስጥ የሚገኘው ቁራጭ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ካልተባዛ በስተቀር ሊነበብ አይችልም። ይህን የማባዛት ዘዴ አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ በ1983 አሰበው፤ በ1993ም ስለዚሁ ሥራው የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ዘዴው ፒ.ሲ.አር. ተብሎ ይጠራል። ድርብ የሆነው ክር ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ሙቀት ሁለት ነጠላ ክር ይሆናል፤ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ለሚፈለገው ጽሑፍ ብቻ የተዘጋጁ አጫጭር መነሻዎች ይጣበቁበታል፤ ከዚያም አንድ ኢንዛይም የጎደለውን ወገን ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ አንዱ ቁራጭ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ኢንዛይሙ በዚያ ሁሉ ሙቀት የማይበላሸው በአሜሪካ በየሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ በመሆኑ ነው። የሒሳብ መምህራን ለተማሪዎቻቸው እንዲያሠሩት እንመክራለን፤ አንድ ነገር 10 ጊዜ ቢታጠፍ 1,024፥ 20 ጊዜ ቢታጠፍ ከ1 ሚሊዮን በላይ፥ 30 ጊዜ ቢታጠፍ 1,073,741,824 ይሆናል። ሠላሳው እጥፋት በመሣሪያ የሚፈጸመው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚህም የተነሣ ምርመራው ስውሩን ነገር የሚያወጣውን ያህል፥ ከሌላ ብልቃጥ የተረጨች አንዲት ጠብታ እንኳ ውጤቱን ልታሳስት እንደምትችል መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ወደ መንገዶቹ እንመለስ። የመጀመሪያው መንገድ እጥበት ነው። ሽንት በሚወርድበት ጊዜ በሽንት መውጫ ግድግዳ ላይ የተቀመጡትን ተሐዋስያን እያጠበ ይዞአቸው ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚታመነውም በዚህ መንገድ በሚገኘው የሚደረገው ምርመራ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ የተባሉት የአባለ ዘር በሽታዎች ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። ቀድሞ ወንድ በሽተኛ ለእነዚህ በሽታዎች ሲመረመር በሽንት መውጫው ቀዳዳ ቀጭን የጥጥ እንጨት ይገባበት ነበር፤ ሕመሙን አስቀድሞ የሰማ ሰው ከመመርመር ይልቅ ቤቱ መቀመጥን ቢመርጥ አያስደንቅም። ዛሬ ምርመራው ባለበት ስፍራ ሁሉ ለወንድ ሽንቱ ይበቃል። ለሴት ግን ራስዋ ከብልትዋ በጥጥ የምትወስደው ናሙና ከሽንት ይሻላል፤ ሽንት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ በበሽታው ከተያዙት ሴቶች እስከ አሥር በመቶ የሚሆኑት ሊያመልጡ ይችላሉ።

ስለ ክላሚዲያ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ተሐዋሲ በአገራችን የብዙዎችን ዓይን ያጠፋው የትራኮማ አምጪ ወገን ሲሆን፥ በአባለ ዘር የሚገኘው ዝርያ ግን ሌላ ነው። ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። በሽታው በዝምታ ወደ ማሕፀን ወጥቶ የዘር ቱቦዎቹን ያቆስላል፤ ቁስሉም ሲድን ቱቦውን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ልጅ ሲጠፋ ነቀፌታው በሚስት ላይ ሲወድቅ፥ አልፎም ትዳሩ ሲፈርስ እናያለን፤ ተሐዋሲው ግን ከባልም መምጣቱ የታወቀ ነው። በአንድ ብልቃጥ ሽንት ሊገኝ፥ በተራ መድኃኒትም ሊድን የሚችል በሽታ ይህን ያህል ቤት ማፍረሱ በእውነት ያሳዝናል። በሽታው በአንደኛው ሲገኝ ሁለተኛውም አብሮ መታከም አለበት፤ ያለዚያ የዳነው ከታመመው መልሶ ይያዛል። ደግሞም ምርመራው ሕያው ተሐዋሲንና የሞተውን አይለይም፤ የሞተውም ጽሑፉ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ መድኃኒቱን ጨርሶ አራት ሳምንት ሳይሞላው የሚመረመር ሰው የዳነ ሆኖ ሳለ «አለብህ» ሊባል ይችላል። በዚህ ምክንያት በባልና በሚስት መካከል «ከዳኸኝ፥ ከዳሽኝ» የሚል ጠብ እንዳይነሣ መምህራንና የተማሩ ሰዎች ነገሩን ለጎረቤቶቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው።

የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለው ቫይረስም በዚሁ በእጥበት መንገድ በሽንት ውስጥ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ይህን በሽታ አስቀድሞ ለመፈለግ የቫይረሱ ዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ እንዲቀድም መክሯል፤ ናሙናውንም ሴቲቱ ራስዋ በጥጥ ወስዳ ልትሰጥ ትችላለች። በሽንት መመርመሩ በጥናት ተስፋ ያለው ሆኖ ቢታይም እስካሁን የጥጡን ስፍራ አልተካም። በሐኪም ፊት መገለጥን የሚያፍሩ ብዙ እኅቶች ስላሉን፥ ይህ ጥናት ፍሬ እንዲያፈራ ከልብ የምንመኘው ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሽንት ፊኛና ከኩላሊት ግድግዳ የሚረግፉት የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ናቸው። የፊኛ ካንሰር ሲኖር ጽሑፋቸው የተለወጠ ሕዋሳት ወደ ሽንት ይረግፋሉ፤ ለውጡም ሊነበብ ይችላል። በበለጸጉት አገሮች ለዚህ የተዘጋጁ ምርመራዎች በሥራ ላይ ውለዋል። ቢሆንም በሽንት መውጫ ገብቶ ፊኛን የሚያሳየውን መሣሪያ ያግዙታል እንጂ አላስቀሩትም። በሽንቱ ውስጥ ደም ያየ ሰው ሕመም ባይሰማውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል፤ ለዚህ የዘረመል ምርመራ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ነው። በሰውነታችን ውስጥ በየዕለቱ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ የጽሑፋቸውም ቁርጥራጭ ወደ ደም ይገባል። በደም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማንዴልና ሜቴ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በፈረንሳይ በስትራስቡርግ ከተማ በ1948 ጻፉ፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1997 ዴኒስ ሎ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በእናት ደም ውስጥ የፅንሱ ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚገኝ ካስታወቀ በኋላ ግን ሁሉም ፊቱን ወደዚህ መለሰ። ታዲያ በደም ያለው ቁራጭ በኩላሊት አልፎ ወደ ሽንት ሊደርስ ይችላልን? አንድ ሚሊዮን ያህል ወንፊቶች በእያንዳንዱ ኩላሊት አሉ፤ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ያጠልላሉ፤ ከዚህም አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ በሽንትነት የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ወንፊቱ ጥቃቅኑን ያሳልፋል፥ ትልልቁን ይይዛል። ዲ.ኤን.ኤ. ደግሞ ትልቅ ነገር ስለ ሆነ አያልፍም ተብሎ ይታሰብ ነበር።

በ2000 የታተመው ጥናት ይህን ጥያቄ የፈታበት ዘዴ ብልኅነቱ የሚመሰገን ስለ ሆነ በዝርዝር እንናገረዋለን። ወንድ ዋይ የተባለ ክሮሞሶም አለው፤ ሴት የላትም። ተመራማሪዎቹ ከወንድ የተቀዳ ደም በተሰጣቸው ሴቶች ሽንት ውስጥ የዚህን ክሮሞሶም ጽሑፍ ፈለጉና አገኙ። ወንድ ልጅ ባረገዙ ሴቶች ሽንት ውስጥም እንዲሁ አገኙት። ይህ ጽሑፍ ከሴቲቱ ከራስዋ ሊመጣ አይችልም፤ ከፊኛዋም አልረገፈም፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ሆኖ በኩላሊቷ አልፏል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የቆሽትና የአንጀት ካንሰር ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ሽንት ውስጥ የካንሰሩን የተለወጠ ጽሑፍ አገኙ።

ነገር ግን ልብ ይባል፤ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ቁራጭ ጥቂት ከመሆኑም በላይ እጅግ አጭር ነው። በደም ውስጥ የሚዞረው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 166 ፊደላት ያህል ሲሆን፥ በኩላሊት አልፎ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ 100 ፊደላት እንኳ አይሞላም። ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚፈልግ ምርመራ እያለ ያጣዋል። ደግሞ በሽንት ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስላለ፥ ብልቃጡ በሙቀት በቆየ መጠን የሚነበበው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ስለሚፈለግ በሽታ የሚነገረው ሁሉ ገና በጥናት ላይ ያለ እንጂ በየሆስፒታሉ የሚሠራበት አይደለም።

ለእኛ አገር ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀን በሳንባ ነቀርሳ ረገድ ነው። ይህ በሽታ የሚመረመረው በአክታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሕፃን ግን አክታ አይተፋም፥ ይውጠዋል። ኤች.አይ.ቪ. ያዳከመውም ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣ አክታ የለውም፤ ቢኖረውም ተሐዋሲው በውስጡ ጥቂት ነው። እንዲህ ያሉት በሽተኞች ምርመራው ሳያገኛቸው ይሞታሉ። በ2008 የኢጣሊያ ተመራማሪዎች የሳንባ ነቀርሳ ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ በአራቱ ያህል ሽንት ውስጥ የባክቴሪያውን ዲ.ኤን.ኤ. ማግኘታቸውን በጻፉ ጊዜ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ስለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በየስፍራው የተደረጉት ጥናቶች ግን ውጤታቸው ከፍና ዝቅ የሚል ስለ ሆነ፥ ዘዴው ለዘወትር ሥራ አልበቃም።

እዚህ ላይ አንድ መደናገርን ማስወገድ ይገባል። ዛሬ ለሳንባ ነቀርሳ የሚያገለግል የሽንት ምርመራ አለ፤ ይኸውም ላም የሚባለውን ከባክቴሪያው ቅርፊት የሚወጣ ስኳርነት ያለው ነገር በወረቀት ላይ የሚያሳይ ሲሆን፥ ውጤቱ በ25 ደቂቃ ይታወቃል። ይህ ከዘረመል ምርመራ ጋር ግንኙነት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 የፈቀደውም ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባቸው እጅግ ለታመሙ ሰዎች ነበር፤ በ2019ም ፈቃዱን ከእነርሱ መካከል ለተጨማሪ በሽተኞች አሰፋው እንጂ ለማንኛውም ለሚያስል ሰው አላደረገውም። ስለ ሕፃናት ደግሞ ሌላ መፍትሔ ተገኝቷል፤ የተዋጠው አክታ በአንጀት አልፎ ስለሚወጣ፥ ከ2020 ጀምሮ የሕፃኑ ዓይነ ምድር በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ እንዲመረመር ተመክሯል። ዓይነ ምድሩን በቀላሉ ለማዘጋጀት የሚያስችለውን ዘዴ በማጥናት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ተካፍለውበታል። ልጅዋ እያሳለ የሚከሳባት እናት «ሕፃኑ አክታ የለውም» በማለት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ይገባል።

ከተነገረው ሁሉ «በሽንቱ አልተገኘም» ማለት «በሽታው የለም» ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ በተለይ በሦስተኛው መንገድ ለሚመጣው። በአንዲት ጠብታ ሽንት የሰውነትን በሽታ ሁሉ እነግራለሁ የሚል ነጋዴ ቢኖር፥ የትኛውን በሽታ በየትኛው ዘዴ እንደሚፈልግ ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም። ደግሞ የሰጠነው ሽንት የራሳችንንም ዘረመል የያዘ ስለ ሆነ፥ ለማን እንደምንሰጠው ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ሽንት እንዲሰጥ የታዘዘ ሰው የሚሰጠው የትኛውን ክፍል እንደ ሆነ ይጠይቅ። ለክላሚዲያና ለጨብጥ የሚፈለገው እጥበቱ ስለ ሆነ፥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይሸና ቆይቶ የመጀመሪያውን፥ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን ብቻ ይቀበል፤ አስቀድሞም ብልቱን በውሃ አይታጠብ። ብልቃጡን እስከ አፉ መሙላት ትጋት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚፈለገውን በማቅጠን ምርመራውን ይጎዳዋል። በፊኛ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ለማሳደግ ለሚደረገው ምርመራ ግን ታጥቦ፥ የመጀመሪያውን አፍስሶ መካከለኛውን መስጠት ያስፈልጋል። ትምህርቴን በውጭ አገር ስከታተል በላቦራቶሪው የነበሩት መምህር ሽንቱ የተሸናበት ሰዓት ያልተጻፈበትን ብልቃጥ አይቀበሉም ነበር፤ ያን ጊዜ ከባድ ትእዛዝ መስሎኝ ነበር፤ ኢንዛይሙ በደቂቃና በሰዓት ውስጥ የሚሠራውን ካየሁ በኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ብልቃጡ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ የመድኃኒት ወይም የሽቶ ጠርሙስ አይሁን፤ በፀሐይ ላይም ሳይቀመጥ ቶሎ ይድረስ።

ላቦራቶሪው ሩቅ ለሆነበት ስፍራ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ዘዴ በቢልሃርዚያ ጥናት ተገኝቷል። ቢልሃርዚያ የሚባለው ስም የወጣው ትሉን በ1851 በካይሮ ከተማ ባገኘው በጀርመናዊው ሐኪም በቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በእኛ አገር በብዙ ሐይቅና ወንዝ ዳር የሚገኘው ዓይነት እንቁላሉን በዓይነ ምድር የሚያወጣው ሲሆን፥ በሽንት የሚያወጣው ግን እንደ ታችኛው አዋሽ ባሉ ጥቂት ቆላ ስፍራዎች ይገኛል። ሁለቱም ትሎች የሚኖሩት በደም ሥር ውስጥ ስለ ሆነ የአንጀቱም ዓይነት ጽሑፉ በሦስተኛው መንገድ ወደ ሽንት ይደርሳል። በ2013 በዛምቢያ የተደረገ ጥናት ሽንቱን በማጥለያ ወረቀት አሳልፎ፥ ወረቀቱን አድርቆ፥ ከዚያ ላይ የዚህን ትል ዲ.ኤን.ኤ. ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። በደረቀ ወረቀት ላይ ኢንዛይሙ ሊሠራ ስለማይችል፥ ናሙናው ያለ በረዶ በፖስታ ታሽጎ ሊላክ ይችላል።

ይህ ዘዴ እስኪስፋፋ ድረስ በቆላው አውራጃ የምታስተምሩ መምህራን የተማሪዎችን ሽንት ለቢልሃርዚያ እንድታሰበስቡ ስትጠየቁ፥ በማይክሮስኮፕ የሚፈለገው ራሱ እንቁላሉ መሆኑን አስታውሱ። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ተማሪውም አስቀድሞ ጥቂት ቢሮጥ ወይም ቢዘልል ይበልጥ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚፈለገው እንደ ክላሚዲያው የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ናቸው፤ ተማሪዎቹም ብልቃጡን ከማቅረባቸው በፊት ይህ ተለይቶ ይነገራቸው።